በሰርኩላሩ ግርጌ ያለችው ገመድ

ከሁሉ አስቀድሜ ከቀኝ እጄ ጋር ላስተዋውቃችሁ። አብረን ብንወለድም ጠባያችን አይገጥምም። እኔ ዝምተኛ ነኝ፤ እሱ ለፍላፊ ነው። እኔ አለቃ ሲናገር ራሴን እየነቀነቅሁ «ልክ ነው» እላለሁ፤ እሱ እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ እስክሪብቶ ካገኘ፣ የልቡን ይሞነጫጭራል። ተማሪ ሳለሁ አንድ መምህር በማስመሪያ ገርፈውት ነበር። ገርፈውት ዞር ሲሉ የማስመሪያውን ስዕል ደብተሬ ጫፍ ላይ ሳለው፤ ለዚያም ሁለተኛ ተገረፈ። እንግዲህ ሳይማር ያደገ እጅ ነው ይዤ የኖርኩት።

በደርግ ዘመን ጂንካ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም ልተወው፤ ሥራችን ከብት ነክ ነበር ብላችሁ ያዙልኝ። ነክ ነበር ማለቴ፣ ከብት ካየንበት ቀን ስብሰባ የተቀመጥንበት ቀን ስለሚበልጥ ነው። ሰኞ የሠራተኛው ስብሰባ ነው፤ ረቡዕ የውይይት ክበብ ነው፤ ዓርብ ደግሞ የሰኞና የረቡዕ ስብሰባዎች እንዴት እንደነበሩ የሚገመገሙበት ስብሰባ ነው። ሁሉንም የምጽፍ እኔ ነኝ።

ኃላፊያችን ጓድ ዘለቀ ይባላሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን ቀድሜ ልናገርላቸው። ችግራቸው አንድ ነገር ከጀመሩ በኋላ መውጫው የሚጠፋባቸው መሆኑ ነው። «በመሆኑም» ብለው ይገባሉ፣ ወደ መጨረሻው የደረሱ ሲመስለን «ከዚህም በተጨማሪ» ብለው እንደገና ይጀምራሉ። ሲናገሩ የሚያዛጋ ሰው ካዩ «ጓድ እገሌ አዛግቷል ብለህ ያዝ» ይሉኛል። እኔም እይዛለሁ። ራሴ ያዛጋሁ ቀን ራሴን መዝግቤ፣ ከታች «ሂሱን ተቀብሏል» ብዬ ጽፌያለሁ።

አፍ እንዲህ በተዘጋበት ቤት እጄ ምን ያድርግ? የቃለ ጉባኤውን ረቂቅ ጠርዝ ሞላው። ቅል ይስላል፣ የእሾህ አጥር ይስላል፣ ፍየል ይስላል፤ ከሁሉ የበለጠ ግን ገመድ ይስላል፤ ረጅም፣ በየመሐሉ የተቋጠረ ገመድ። ለምን ትላላችሁ? እኔም አላውቅም ነበር። የምጽፈውን እንጂ እሱ የሚስለውን አይቼ አላውቅም።

እውነቱን ለመናገር፣ የማላውቀው የእጄን ነገር ብቻ አልነበረም። ያደግሁበት ቤት ነገሩ ሁሉ «ሆድ ይፍጀው» ነው። አባቴ ልጅ ሲወለድላቸውም ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ በሬ ሲሞትባቸውም ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። የቱ የደስታ የቱ የኀዘን እንደሆነ የሚለዩት እናቴ ብቻ ነበሩ። እኔም በዚያው ወጣሁ። አንድ ሰው ስሜትህን ንገረኝ ቢለኝ ያሉኝ ቃላት ሁለት ነበሩ፤ «ደህና ነኝ» እና «ራበኝ»። በሁለቱ ሠላሳ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ብዙም አልጎደለብኝም ብዬ አምን ነበር።

ይህን እምነቴን ያፈረሰችው ወይዘሪት አስካለ ናት። አስካለ የመሥሪያ ቤታችን ታይፒስት ነበረች። ጂንካ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ከገበያ ሴቶች ጋር በአሪኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ ታወራለች፣ ከጽሕፈት መኪናዋ ጋር ደግሞ ሁለቱ ብቻ በሚግባቡበት ቋንቋ ትጨቃጨቃለች። የእኔን ረቂቅ አንብባ በንጹሕ የምትመታው እሷ ነች። አንድ ቀን ረቂቁን ይዛ መጣችና፣ ሳቅ የሚባል ፊቷ ላይ ሳይታይ፣ ጠርዙን በጣቷ እያሳየች ጠየቀችኝ።

«ይሄ ገመድ ውሳኔ ነው ወይስ አስተያየት?»

እኔ አይደለሁም፣ እጄ ነው አልኳት። እንደሱ ከሆነ እጄን ከእኔ የተሻለ እንደምታውቀው ነገረችኝ። ጓድ ዘለቀ «በመሆኑም» ባሉ ቁጥር ገመዱ ላይ አንድ ቋጠሮ ይጨመራል፤ ቆጥራዋለች፤ ያለፈው ሰኞ አሥራ ሰባት ነበር። ቅል የምስለው ምሳ ሰዓት ሲደርስ ነው። የእሾህ አጥር የምስለው ደግሞ አንድ ሰው ያለ ጥፋቱ ሲወቀስ ነው። ያን ቀን እንደምናደድ ታውቃለች። እኔ ተናድጄ አላውቅም ብዬ ተከራከርኩ። ወረቀቱን ገለበጠችና ጀርባውን በጣቴ እንድዳብሰው አደረገች። ስጫን አጥሩ በዚያ በኩል ወጥቶ ይሻክራል። እንዴት እንዳፈርኩ! ለካ እኔ ሳላውቅ ስናደድ፣ ቁጣዬን ታይፒስቷ በጣቷ እየዳበሰች ኖራለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ልማድ ያዝን። ጠዋት ሥራ ሳይጀመር፣ እሷ ወረቀትና ካርቦን አደራርባ መኪናው ውስጥ እስክታስገባ ድረስ፣ እኔ በተበላሸ ወረቀት ጀርባ ላይ ያለ ምንም ሐሳብ እሞነጫጭራለሁ። ቆንጆ ማድረግ አይፈቀድም፤ መሰረዝም አይፈቀድም። ከዚያ ታየዋለች። እንደ ጠንቋይ «እንዲህ ሆነሃል» አትለኝም፤ ትጠይቀኛለች እንጂ። እዚህ ጋ ለምን ተጫንክ? ይሄ ክብ ለምን ሳይገጥም ቀረ? እኔም እያሰብኩ፣ እየተንተባተብኩ፣ ከታች አንድ ቃል እጽፋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሁሉም ስዕል ሥር «ራበኝ» ነበር የምጽፈው። «ቁርስ በልተህ ነው የመጣኸው፤ ሌላ ፈልግ» ትለኛለች። እየቆየሁ ሌላ ማግኘት ጀመርኩ፤ ቅር አለኝ፣ ሆዴ ባባ፣ ቀናሁ፣ ናፈቀኝ። መስቀል ሲደርስ አሥራ ሁለት ቃል ነበረኝ። አንዳንዱን እቤቴ ስደርስ በብቸኝነት እለማመደው ነበር።

በሌላ በኩል ደግሞ የዝውውር ማመልከቻዬ ነበር። ጂንካ በተመደብኩ በስድስተኛው ወር ወደ አዲስ አበባ እንድዛወር አመለከትኩ፤ ከዚያ በየዓመቱ አንድ ጊዜ፣ በድምሩ አምስት። ምክንያቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «የአየሩ ጠባይ ለጤናዬ አልተስማማኝም»። ይህን የምጽፈው ሰውዬ፣ ጂንካ ከገባሁ ወዲህ ማንጎና አቦካዶ እየበላሁ ሱሪዬን ሁለት ጊዜ አስፍቻለሁ። ለምን አመለክት ነበር? ሁሉም ስለሚያመለክት። ሩቅ አገር የተመደበ ሰው ካላመለከተ ሌላው በጥርጣሬ ያየዋል፤ ዘመድ የለውም ይባላል።

ወደ መከራዬ ልግባ። በዚያ ሰሞን የከብት ክትባት ይሰጣል ተብሎ በየገበሬ ማኅበሩ ተነግሮ ነበር። በሽታው ያ ከብት የሚፈጀው ክፉ በሽታ ነው። የኛ ሰው «ደስታ» ይለዋል፤ በክፉ ስሙ ከጠሩት ይመጣል ተብሎ ይሁን ለማባበል፣ እንጃ። ሞትን ደስታ ብሎ የጠራ ሕዝብ ልጅ ሆኜ ስሜቴን አላውቅም ብል ማን ይፈርድብኛል? መድኃኒቱ በአውሮፕላን መጥቶ በኬሮሲን ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጧል። ከታቢዎቹ ተዘጋጅተዋል። ያልደረሰው ጥብጣብ የሚቆርጠው እንግዳ ብቻ ነው። ስለዚህ ጓድ ዘለቀ «በጂንካ ሜዳ ሊሰጥ የታሰበው ክትባት ላልተወሰነ ጊዜ ተላልፏል» የሚል ሰርኩላር እንዲበተን አዘዙ።

የዛሬ ሰው ስቴንስል አያውቅ ይሆናል። ሰማያዊ፣ ሰም የተቀባ ወረቀት ነው። ጽሑፉ በላዩ ይመታል፤ ፊርማና መስመር ደግሞ ቀለም በሌለው ሹል ብዕር ይጫርበታል። የተጫረው አሁን አይታይም፤ የሚታየው ማባዣው ላይ ተጠምጥሞ ቀለም ሲያልፍበት ነው። አስካለ ስቴንስሉን መትታ መሠረተ ትምህርት ልታስተምር ወጣች። ጓድ ዘለቀ ፈረሙበት። እኔ ከርዕሱ ሥር መስመር ላሰምር ሹሉን ብዕር ይዤ ተቀምጫለሁ። እሳቸው ግን አልሄዱም፤ አጠገቤ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ዝውውሬ እንደጸደቀ ነገሩኝ። በመሆኑም ከሚቀጥለው ሳምንት ወዲያ ባለው አውሮፕላን እንደምሄድ፣ ከዚህም በተጨማሪ ከሚዛወር ሠራተኛ ምን እንደሚጠበቅ ግማሽ ሰዓት ያህል አስረዱኝ። እኔ ብዕሩን እንደያዝኩ እየሰማሁ፣ ራሴን እየነቀነቅሁ፣ «አመሰግናለሁ ጓድ» አልኩ። ደስ ያለኝ መሰለኝ። አምስት ዓመት ሙሉ የለመንኩት ነዋ! ሲጨርሱ ስቴንስሉን ወስጄ ማባዣው ላይ ጠመጠምኩ፣ እጀታውን አዞርኩ፣ ቅጂዎቹን አጣጥፌ በየፖስታው ከተትኩ። አንዱንም አላየሁትም። ሰርኩላር ማን ያነባል? ያባዛው ሰው እንኳ አያነብም። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ እጅን ጨምሩበት።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት እንግዳ ነበሩ። ርክክብ አደረግሁ፣ ሻንጣዬን አሰርኩ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ተሰናበትኩ። አስካለ ዜናውን ስነግራት «እንኳን ደስ ያለህ» ብላ ወደ መኪናዋ ዞረች። በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዳችን ሞነጫጨርኩና ከታች «ደስ ብሎኛል» ብዬ ጻፍኩ። አየችውና መለሰችልኝ። «ጽሕፈቱና ስዕሉ አይተዋወቁም» ነበር ያለችኝ። ከዚያ ወዲያ ስዕሌን ማየት ተወች። እኔም ነገሩ አላማረኝም፤ ግን ምን እንደሆነ ልጠይቅ ብል የምጠይቀው እሷን ነበር።

የምሄድበት ቀን ደረሰ። የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ከተማው መሐል የተዘረጋ የሣር ሜዳ ነው። በሌላ ቀን ከብት ይግጥበታል፤ አውሮፕላን ሲመጣ ዘበኞች ፍየልና ላሙን ያባርራሉ። እኔ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። አስካለም መጥታለች፤ ጣቷ ላይ የካርቦን ቀለም አለ። ያኔ በታችኛው በኩል አቧራ ተነሣ። መጀመሪያ ነፋስ መሰለኝ፤ ቀጥሎ ደወል ሰማሁ፤ ከዚያ ቀንድ ታየኝ። ከብት መጣ። በአንድ ጊዜ ሳይሆን እየተግተለተለ፣ መጨረሻ የሌለው ከብት መጣ። ሦስት መቶ ቢሆን ነው፤ ለእኔ ያን ሰዓት የኦሞ ሸለቆ ከብት ሁሉ ተጠራርቶ የመጣ ነው የመሰለኝ። ነጂዎቹ ዱላና መቀመጫም ትራስም የሚሆናቸውን በርኩማ ይዘዋል፤ ሁለት ቀን ተጉዘው፣ ተረጋግተው፣ የተጠሩበት ቤት እንደደረሰ ሰው ከብታቸውን ሜዳው ላይ በተኑ።

ዘበኞቹ ይህን ያህል ከብት አባርረው አያውቁም። አውሮፕላኑ መጣ፤ ዝቅ አለ፤ አየና ከፍ አለ። አንድ ጊዜ ዞረ፣ ሁለተኛ ዞረ፣ ከዚያ ወደመጣበት ተመለሰ። ላም አለኝ በሰማይ የሚለውን ተረት ታውቁታላችሁ፤ የእኔ ተገልብጦ ላሞቹ በምድር፣ የምሄድበት በሰማይ ሆኖ ቀረ። ሻንጣዬን እንደያዝኩ ቆሜ ሳየው ውስጤ አንድ ነገር ቀለል አለኝ። ምን ዓይነት ሰው አውሮፕላን ሲያመልጠው ቀለል ይለዋል?

ጓድ ዘለቀ ቆባቸውን ሳያደርጉ እየሮጡ መጡ። ማን ጠራችሁ አሉ። ከነጂዎቹ መካከል አንድ ቁመታም ሽማግሌ ወደፊት ወጡ፤ ሙጋ ይባላሉ፣ ከአልዱባ በኩል የመጡ የበና ሰው ናቸው፤ እኛ «እርስዎ» እንላቸዋለን። እሳቸው ግን በአማርኛቸው ሁሉንም ሰው «አንተ» ይላሉ፤ ጓድ ዘለቀንም ጭምር። ከታጠቁት ጨርቅ ውስጥ የእኛን ሰርኩላር አውጥተው ዘረጉት።

«አንተ ጠራህ» አሏቸው ረጋ ብለው። «ገበያ ላይ አንድ ልጅ ወረቀት አነበበ። ቀን የለም፣ ላልተወሰነ ነው አለ። ቀን የሌለው ቀጠሮ ማን ይልካል? እኔ ወረቀት ተቀበልኩ፣ አየሁ። ታች ገመድ አለ። ስምንት ነው።»

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። በበና፣ በሐመርና በጸማይ ዘንድ ልጁ ለጉልምስና ሥርዓት ከብት የሚዘልበት ቀን የተቆረጠለት ሰው ለዘመድ አዝማዱ የተቋጠረ ገመድ ይልካል። ተቀባዩ በየማለዳው አንድ ቋጠሮ ይፈታል፤ ቋጠሮው ሲያልቅ ድግሱ ደርሷል። ከዚህ የበለጠ የታመነ ቀጠሮ የለም፤ አይዘገይም፣ አይሰረዝም፣ ላልተወሰነ ጊዜም አይተላለፍም። ሽማግሌው ወረቀቱ ላይ ያለውን ገመድ አይተው እውነተኛ ገመድ አስቋጠሩ፤ በየጠዋቱ ፈቱ። ሁሉ ተፈትቶ ያለቀውን ገመድ ለጓድ ዘለቀ አስረከቧቸው። እኔ የወረቀቱን ግርጌ አየሁ። የእጄን ሥራ አላጣውም። የበና ሰው ገመድ ሲልክ በአምስት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ እጄ ከዚያ ሰርቆ ኖሯል።

ጓድ ዘለቀ ተቸገሩ። የመንግሥት ወረቀት ተሳስቷል ቢሉ ከባድ ነው፤ መንግሥት ገመድ ልኳል ቢሉም ከባድ ነው። ሦስት መቶ ከብት ይዞ ሁለት ቀን የተጓዘን ሰው «ተመለስ» ማለት ደግሞ ከሁለቱም ይከብዳል። ላብ በላብ ሆነው ወደ ከታቢዎቹ ዞሩና «ጀምሩ» አሉ። አንድ ቃል ብቻ ሲናገሩ ያን ቀን ነው የሰማኋቸው። ከታቢዎቹ ፍሪጁን ሲከፍቱ ፍሪጁ ከሰሞኑ ሲጠፋና ሲበራ እንደሰነበተ፣ እንግዳውን ጥቂት ቢጠብቁ መድኃኒቱ ሊበላሽ እንደነበር ተናገሩ። ይህን ግን ጮክ ብሎ የተናገረ የለም።

ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳው አንድ ብቻ ነው፤ ገመድ። ሽማግሌውም መግባት አለብኝ ብለው ከፊት ተቀመጡ፤ ገመድ የላከን ሰው ሳያዩ መመለስ ነውር ነው። ጓድ ዘለቀ ሰርኩላሩን ከፍ አድርገው ይዘው፣ ይህ ስሕተት ነው ወይስ አሻጥር ብለው ጠየቁ። አሻጥር የሚለው ቃል በዚያ ዘመን ቀልድ አልነበረም። ከዚያ ዓይናቸው ከእኔ አልፎ አስካለ ላይ አረፈ።

«ስቴንስሉን የመታሽው አንቺ ነሽ» አሏት።

እሷ ገመዱ የማን እንደሆነ ከማንም በላይ ታውቃለች። ስንት ወር አንብባዋለች። «አዎ፣ እኔ ነኝ የመታሁት» ብቻ አለች። አላጋለጠችኝም። እኔ ደግሞ ፈራሁ፤ ይህን አሁን ሳስበውም አፍራለሁ። ልቤ ዝም በል ይለኛል፣ ዝም አይነቅዝም ይለኛል፤ ነገ ሌላ አውሮፕላን አለ ይለኛል። ግን የእሾህ አጥር የምስልበት ሰዓት መድረሱን አወቅሁ። ሰው ያለ ጥፋቷ እየተወቀሰች ነው። የማደርገውን ሳላውቅ ተነሣሁ፤ እስክሪብቶም አልያዝኩም ነበር።

ገመዱን የሣልኩት እኔ ነኝ አልኩ። ጓድ ዘለቀ ለምን አሉኝ። እንጃ ልል ስል ሽማግሌው ሙጋ እጃቸውን አነሡ።

«ሰው ዝም ብሎ አይቋጥርም» አሉኝ። «አንተ ምን ቆጠርክ?»

እንግዲህ የጠዋቱን ልማድ ሰው ፊት ማድረግ ነበረብኝ። ወረቀቱን ተቀበልኩና ጣቴን መጀመሪያው ቋጠሮ ላይ አድርጌ ማሰብ ጀመርኩ። የዝውውሬን ዜና የሰማሁበት ሰዓት ነው። መጀመሪያ የደነገጥኩት ነው አልኩ፤ አምስት ዓመት የለመንኩትን ሰጡኝና ደነገጥኩ። ሁለተኛው የአከራዬ ፍየል ናት፤ በየቀኑ ወረቀት ትበላብኛለች፣ በየቀኑ እረግማታለሁ፣ ያን ሰዓት ግን ማንን ነው የምረግመው ብዬ ሆዴ ባባ። ሦስተኛው እሑድ እሑድ ልብስ የማጥብበት የኔሪ ወንዝ ነው። አራተኛው በመስኮቱ የሚታየው የማንጎ ዛፍ ነው። አምስተኛው ላይ ስደርስ አመነታሁ፤ ከጀመርኩ አይቀር ብዬ አወጣሁት። ዝናብ ነው አልኩ፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ንግግር አይሰማምና ስብሰባ ይበተናል፤ አዲስ አበባ ይህን የመሰለ ዝናብ አላገኝም ብዬ ከፋኝ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ለወጠ።

«ስድስተኛውስ?» አሉ ጓድ ዘለቀ፤ ፊታቸው ጠቁሯል።

«እርስዎ ነዎት» አልኳቸው።

እውነቴን ነበር፤ ስናገረው ነው ያወቅሁት። አምስት ዓመት ሙሉ ሲናገሩ ሰምቻቸዋለሁ፤ በሰርጌም በኀዘኔም የሚናገርልኝ ሰው ቢፈለግ ከእሳቸው ሌላ የሚመጣልኝ የለም። ይህን ስነግራቸው «በመሆኑም» ብለው ጀመሩና አቆሙ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አባቴን ስለማውቅ ያ የጉሮሮ መጥረግ ምን ማለት እንደሆነ አልጠፋኝም። ሰባተኛው ኀፍረት ነው አልኩ ቶሎ ብዬ፤ አየሩ አልተስማማኝም ብዬ አምስት ጊዜ ዋሽቻለሁ፤ አየሩ ተስማምቶኛል፤ ሱሪዬን እዩት። መሄድ አልፈልግም።

ይህን ብዬ ልቀመጥ ስል ሽማግሌው ጣታቸውን አነሡ። በገመድ ነገር እሳቸውን ማታለል አይቻልም።

«ስምንተኛው ቀረ» አሉ።

ቤቱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ሳላስበው ወደ ታይፒስቷ ዞርኩ። ከዚያ ዓይኔን ወለሉ ላይ ተክዬ፣ ስምንተኛው ለብቻ የሚነገር ነው አልኩ። ሳቁ በሳል መለወጡ ቀረና በግልጽ ተሳቀ። ሽማግሌው አጠገባቸው የተቀመጠውን ነገሩ ምን እንደሆነ ጠየቁ፤ ሲነገራቸው ራሳቸውን ነቀነቁና፣ ይሄማ ድግስ ያለው ነው፣ እንግዲህ እውነተኛ ገመድ ላክ አሉኝ።

ውሳኔው እንዲህ ነበር፤ እኔው ነኝ የጻፍኩት። «ጓዱ የመንግሥት ስቴንስል ላይ የግል ስሜቱን ስላሰፈረ፣ ለቅጣት ዝውውሩ ተሰርዞ፣ ስሜቱ እስኪታረም ድረስ በጂንካ እንዲቆይ»። ቅጣቱን ትቀበላለህ ወይ ተባልኩ። በሕይወቴ ፊቴ እንደዚያን ሰዓት አስቸግሮኝ አያውቅም፤ ጉንጬን ከውስጥ ነክሼ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ በከባድ ኀዘን እቀበላለሁ አልኩ። ጓድ ዘለቀ እንዳላመኑኝ አውቃለሁ፤ ወዲያው ስብሰባውን ዘጉት።

ደብዳቤውን የመታችው አስካለ ናት። ሲጨልም አካባቢ ጨርሳ እንድፈርምበት አመጣችው። አንድ ፊደል አልተሳሳተችም። ፈርሜ ስመልስላት አልተቀበለችኝም፤ እጇን አጣጥፋ ቆመች።

«ስምንተኛው ምንድን ነው?»

ወረቀትም ብዕርም ፊቴ ነበሩ፤ አልነካኋቸውም።

«አንቺ ነሽ» አልኳት።

ቃሉ ይህን ያህል አጭር መሆኑን አላውቅም ነበር። አስካለ ደብዳቤውን ቀስ ብላ ወሰደች፣ አጠፈችው፣ ወደ በሩ ሄደች። እዚያ ስትደርስ አንድ ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ዞረች።

«ስምንተኛ?» አለች። «ከጓድ ዘለቀ በኋላ?»

ሰው ከባዱን ነገር መጨረሻ ነው የሚቋጥረው ብዬ ያን ማታ አስረዳኋት፤ ከሽምግልናውም በፊት፣ ከሰርጉም በኋላ አስረድቻለሁ። ልክ ነው አትልም። እነሆ ስንት ዓመት ተጋብተን፣ ልጆች ወልደን፣ አሁንም ጂንካ ነን። ደስተኛ ነኝ፤ ይህን ሳልስል መናገር እችላለሁ። ሃና ከተማ ያለ አንድ ጸሐፊ ብቻ ሰርኩላሩ ዘግይቶ ሲደርሰው ገመዷን አዲስ የመሥሪያ ቤት ምልክት አድርጎ ወስዷት፣ በእያንዳንዱ ደብዳቤው ግርጌ እየሣለ ለወራት ልኮብናል። ያን ሁሉ ፋይል ያደረገችው አስካለ ናት። እና አንዳንድ ማታ፣ ራበኝ፣ ራት አልደረሰም ወይ ብዬ ስጠይቃት፣ ከድስቱ ላይ ቀና ሳትል ትመልስልኛለች።

«እኔ ስምንተኛ ነኝ። ሁለተኛዋን ፍየሏን ጠይቃት።»